የላሟ የጡት በሽታና የአላቢዋ እጅ

ላም ባለችበት ቤት ስለ ላሟ ከሁሉ የበለጠ የሚያውቀው ማን ነው? በቀበሌ አዳራሽ ስለ ከብት አያያዝ ሥልጠና ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው አባወራው ነው፤ በመዝገብ የሚሰፍረውም የእርሱ ስም ነው። ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ በረቱን የምትጠርገው፣ እበቱን በእጇ የምትዝቀው፣ ጥጃውን የምትፈታውና የምታስረው፣ ከላሟ ጎን ቁጢጥ ብላ የምታልበው ግን በብዙ ቤት እመቤቲቱ ወይም ልጂቱ ናት። የላሟ ግት ማበጡን፣ መሞቁን፣ ወተቱም መቅጠኑን ከሁሉ አስቀድማ የምታውቀው እርስዋ ናት። በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጓዳና ስለ ትዳር ብዙ ተብሏል። ዛሬ ደግሞ ስለ በረት እናውራ ብል አንባቢዎቼ አይታዘቡኝም ብዬ አምናለሁ፤ በረት ለብዙ እናቶች ሁለተኛ ጓዳ ነውና።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የአክስቴ በረት ነው። አክስቴ የምትኖረው በደብረ ብርሃን ከተማ ዳርቻ ሲሆን፣ ካቻምና ኅዳር ላይ የዓመት ዕረፍቴን ወስጄ እርስዋ ዘንድ በሰነበትሁበት ጊዜ ሁለት የሚታለቡ የዲቃላ ላሞች ነበሯት። አንደኛዋ ዳማ ትባላለች፤ እርጅና የጀመራት፣ ገራም፣ ሕፃን ልጅ ቢያልባት እንኳ እግሯን የማታነሣ ላም ናት። ሁለተኛይቱ ቡሬ ናት፤ በሁለተኛ ወሊዷ ላይ የነበረችና በቀን 12 ሊትር ያህል የምትታለብ። የቤቱ ጤፍና ዘይት፣ የልጆቹ ደብተርና የደንብ ልብስ የሚወጣው ከእነዚህ ሁለት ላሞች ግት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአክስቴ ባል ጡረተኛ ናቸው፤ ጡረታቸው ለቤቱ ጨው ነው፤ ወጡ ወተቱ ነው።

ጾመ ነቢያት ከገባ ሳምንት ሆኖት ነበር። በጾም ወተት ፈላጊ እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። በዚያ ሰሞን ከአክስቴ ወተት ይወስዱ የነበሩት ሕፃናት ያሏቸው ቤቶችና የሙስሊም ጎረቤቶቿ ብቻ ነበሩ። በዚህም የተነሣ አንዳንድ ቀን የማታው ማለብ «ለጥጃው ይቅር» እየተባለ ይዘለል ነበር። አንድ ማለዳ ቡሬ ገና ስትነካ ተራገጠች፤ ማለቢያውም ተገለበጠ። የግቷ ቀኝ የኋላ በኩል እንደ ድንጋይ ጠንክሯል፤ እጅ ሲያርፍበት ያቃጥላል። ከዚያ ጡት የወጣውም ወተት አልነበረም፤ ቢጫ ውኃ ውስጥ የሚዋኝ እንደ አይብ ያለ ቁርጥራጭ ነበር።

ጎረቤት መሰብሰቡ አልቀረም። አንዷ «ዓይን ነው፤ ትናንት ያቺ ሴት ግቷን አይታ ስትደነቅ ሰምቻለሁ» አለች። አንድ ሽማግሌ ብረት አግሎ መተኮስ እንደሚበጅ አወሱ። ሌላዋ ደግሞ፣ በእርስዋ ቤት እንዲህ የተደፈነ ጡት በስንደዶ ተከፍቶ እንደነበር ነገረችን። «ከዚያስ?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ከዚያማ ጡቱ ሞተ» አለችኝ፤ መድኃኒቱና ሞቱ የተያያዙ አልመሰላትም። አክስቴ ሁሉንም ሰምታ ልጇን የእንስሳት ሐኪም እንድትጠራ ላከቻት። በዚህ ጉዳይ ላይ ሐሜትም ምክርም የማይገታት ሴት መሆኗን እወድላታለሁ።

የመጣችው ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። ከመርፌዋ በፊት ጥያቄዋን አወጣች። ጥያቄውን ለመመለስ የቆሙት ጋሼ ነበሩ። «ስንት ሰዓት ላይ ትታለባለች? ከየትኛው ጡት ይጀመራል? ከሁለቱ ላሞች ማን ትቀድማለች? ግቷ የሚታጠበው በምንድን ነው?» አለቻቸው። ጋሼ የመጀመሪያውን መለሱ፤ ሁለተኛው ላይ ወደ አክስቴ ዞር አሉ፤ በሦስተኛው ላይ «እሷን ጠይቂያት» ብለው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ሐኪሟም ፈገግ ብላ «እናቴ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ ሁሉ በሁለቱ ሴቶች መካከል ሆነ፤ እኔም ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ።

እዚህ ላይ በሽታው ምን እንደሆነ ባጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል። ባለሙያዎች «ማስታይቲስ» ይሉታል፤ የግት ብግነት ማለት ነው። የላም ግት ከውጭ ሲታይ አንድ ይምሰል እንጂ በውስጡ አራት የተለያዩ ክፍሎች አሉት፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በውስጥ በኩል የሚያልፍ የወተት መንገድ የለም። እያንዳንዱ ክፍል በራሱ ጡት በኩል ብቻ ይፈስሳል። በሽታውም በአብዛኛው የሚገባው በዚያው በር፣ በጡቱ ጫፍ ላይ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ በኩል ነው። ስለሆነም አንዱ ጡት ታሞ ሦስቱ ደኅና ሊሆኑ ይችላሉ። የአንዱ በሽታ ወደ ሌላው የሚሸጋገረው በውስጥ ሳይሆን በውጭ ነው፤ ይኸውም በእጅ፣ በጨርቅና በማለቢያ ነው።

በሽታውን የሚያመጡት ተሕዋስያን ብዙ ቢሆኑም በሁለት ወገን ከፍሎ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ መኖሪያቸውን በታመመች ላም ግት ውስጥና በጡቷ ቆዳ ላይ አድርገው፣ በሚታለብበት ሰዓት ከላም ወደ ላም የሚሻገሩ ናቸው። ስታፊሎኮከስ ኦውሪየስና ስትሬፕቶኮከስ አጋላክሺዬ የተባሉት ከእነዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛዎቹ ደግሞ በእበት፣ በእርጥብ ጉዝጓዝና በጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው፤ ከእነርሱም ኢ. ኮላይ የተባለው ይጠቀሳል። እነዚህ ላሟ ስትተኛ ጠብቀው ይገባሉ። የፊተኞቹን የሚያሻግራቸው እጅ ነው፤ የኋለኞቹን የሚያራባቸው ወለል ነው። እጁም ወለሉም በቤቷ ሴት ሥር የሚውሉ ነገሮች ናቸው።

ቀድሞ ይህ በሽታ ይህን ያህል አይወራለትም ነበር። የአገር ላም በቀን አንድ ሁለት ሊትር ትሰጣለች፤ የተረፈውን ጥጃው እየጠባ ግቷን ያራግፈዋል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በአርሲ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት የአገሩን ከብት ከፍሪዥያን ዘር እያዳቀለ ጊደሮችን ለገበሬዎች ማከፋፈል ከጀመረ ወዲህ፣ የዲቃላ ላም በየአቅጣጫው ተዛምታለች። የዲቃላ ላም ግት ትልቅ ነው፤ ወደ መሬት የቀረበ ነው፤ ብዙ ወተት ይዞ ይውላል። ስጦታው ሲበዛ ጣጣውም ይበዛል። በዚህ ላይ ጥጃው ከእናቱ ቶሎ ስለሚለይ ግቱን የማራገፉ ሥራ በአላቢዋ ጫንቃ ላይ ወድቋል።

ወደ አክስቴ በረት ልመለስ። ሐኪሟ በመጀመሪያ የጠየቀችው የአክስቴንና የልጂቱን እጅ ለማየት ነበር። የልጂቱ ሌባ ጣት በማጭድ ተቆርጦ መግሎ ነበር። «የቆሰለ እጅ እስኪድን አያልብም» አለች፤ ከሰው ቁስል ወደ ላም ግት የሚሻገር ተሕዋስ አለና። ቀጥሎም ግቱ የሚታጠብበትን ጨርቅ አስመጣች። አንድ ጨርቅ ነው፤ ለሁለቱም ላሞች፤ በአንድ ባልዲ ውኃ። «ይህ ጨርቅ እኮ የበሽታ ፖስተኛ ነው» አለቻት። አክስቴ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ።

ያን ቀን የተባባሉትን ሁሉ ብጽፍ ገጹ አይበቃኝም፤ ዋናው ክርክር ግን በቅቤ ላይ ነበር። አክስቴ ስታልብ ጣቶቿን በቅቤ ነካ ታደርጋለች፤ እናቷም እንዲሁ ታደርግ ነበር።

«እናቴ፣ ቅቤው ይቅር» አለች ሐኪሟ።

«ያለ ቅቤ ላም ትታለባለች እንዴ ልጄ? ጡቷ ይላጣል እኮ!»

«የሚላጠው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ስለሚጎተት ነው። በመዳፍዎ ይዘው ከላይ ወደ ታች ጣትዎን በየተራ ያጥፉ፤ መጭመቅ ነው እንጂ መጎተት የለበትም። እጅም ጡትም ደረቅ ይሁን። በእርጥብና በቅባት እጅ ሲታለብ ቆሻሻው ሁሉ እየተንሸራተተ ወደ ጡቱ ጫፍ ይወርዳል።»

አክስቴ ሞከረችው። ለሁለት ቀን ክንዷን እያሸች «ይህች ልጅ በእርጅናዬ አዲስ ሥራ አመጣችብኝ» ስትል ከረመች፤ በሦስተኛው ቀን ዝም አለች። ዝምታዋን እኔ የተረዳሁት እንደ መስማማት ነው። ነገር ግን ቅቤው ጨርሶ አልቀረም። በደብረ ብርሃን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ውርጭ የላም ጡት እንደ ሰው ከንፈር ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም የተሕዋስ ጎጆ ነው። ስለዚህ ከታለበች በኋላ ንጹሕ ቅባት በንጹሕ ጣት ቢቀባ ሐኪሟም አልተቃወመችም።

የቀረው አሠራር እንዲህ ሆነ። አላቢዋ ከሁሉ በፊት እጇን በሳሙና ትታጠባለች፤ ከአንዷ ላም ወደ ሌላዋ ስታልፍም እንደገና ትታጠባለች። ግቱ ንጹሕ ከሆነ ጡቶቹን ብቻ መጥረግ ይበቃል፤ ሙሉውን ግት በውኃ አርሶ ሳያደርቁ ማለብ ካለማጠብ ይብሳል፤ ምክንያቱም ውኃው ከላይ ያለውን እድፍ ይዞ ወደ ቀዳዳው ይንጠባጠባል። መታጠብ ካለበት በለብታ ውኃ ታጥቦ ወዲያው ይደርቅ፤ ለእያንዳንዷ ላም የራሷ ጨርቅ ይኑራት፤ ጨርቁም በየቀኑ ተቀቅሎ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ከየጡቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጭምቂዎች በጠቆረ ጣሳ ወይም ጥቁር ጨርቅ በተወጠረበት ኩባያ ላይ ይውረዱ። ቁርጥራጭ፣ ደም ወይም ውኃ የመሰለ ነገር ካለ እዚያ ላይ ይታያል። ብዙዎቻችን እነዚህን ጭምቂዎች መሬት ላይ ወይም መዳፋችን ላይ ማውረድ ልማዳችን ነው፤ መሬት ላይ ከወረደ በሽታው ተዘራ፣ መዳፍ ላይ ከወረደ ደግሞ ወደሚቀጥለው ጡት ተወሰደ ማለት ነው።

ከታለበች በኋላም ሥራ አለ። የጡቱ ቀዳዳ ወዲያው አይዘጋም፤ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ላሟ በዚያ ሰዓት እበት ላይ ከተኛች በሩ ተከፍቶ ሌባው ደጃፍ ላይ ነው። ስለዚህ ድርቆሹ ወይም ጭዱ የሚሰጣት ታልባ ካበቃች በኋላ ይሁን፤ ቆማ ትብላ። ፉርሽካውንና ፋጉሎውን እንደ ልማዱ ስትታለብ ማቅረብ ይቻላል። ጡቱንም ለዚሁ ተብሎ በተዘጋጀ አዮዲን ባለበት ፈሳሽ መንከር፣ ከላም ወደ ላም የሚሻገረውን ወገን ለመከላከል ከሚታወቁት ዘዴዎች ሁሉ ብልጫ ያለው ነው። ፈሳሹ በእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ይገኛል፤ ለሰው ቁስል የሚውለውን ጠንካራ አዮዲን እንዳለ ማድረግ ግን ጡቱን ያቃጥላል።

አሁን ደግሞ ያላሰብነውን ነገር ልንገራችሁ። ሐኪሟ ቡሬን ካከመች በኋላ ዳማን መመርመር ፈለገች። «ዳማ ምን ሆነች? ደኅና አይደለች እንዴ?» አለች አክስቴ። በእርግጥም ዳማ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረባትም። ግቷ ልል ነው፤ ወተቷ ነጭ ነው፤ ትበላለች፤ ታመሰኳለች። «ወተቷ ትንሽ ቀንሷል፤ እሱም ዕድሜ ነው» አለች አክስቴ።

በ1957 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የተገኘ አንድ ቀላል ምርመራ አለ፤ አራት ጎድጓዳ ያለው ሰሌዳ ላይ ከየጡቱ ጥቂት ወተት ተደርጎ ሳሙናነት ያለው ፈሳሽ ይጨመርበታል። ሐኪሟ ፈሳሹን አልያዘችም ነበርና «የልብስ ዱቄት ሳሙና አለ?» አለች። 30 ግራም ያህል፣ በግምት ሦስት የሾርባ ማንኪያ፣ በአንድ ሊትር ውኃ በጠበጠች። አራት የቡና ስኒዎች ተደረደሩ፤ ከእያንዳንዱ ጡት አንዳንድ ጭምቂ ወተት ወረደባቸው፤ በወተቱ ልክ የሳሙናው ውኃ ተጨመረ፤ ለአንድ ደቂቃ ያህልም ስኒዎቹ በዝግታ ተሽከረከሩ። ሁለቱ እንደ ውኃ ቀሩ። ሌሎቹ ሁለቱ እንደ ተመታ አብሽ ወፈሩ፤ ስኒው ሲዘቀዘቅም ተያይዞ ተጎተተ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ግቱ ውስጥ ተሕዋስ ሲገባ ሰውነቷ ነጭ የደም ሕዋሳትን ለውጊያ ይልካል። ሳሙናው እነዚያን ሕዋሳት ሲሰብራቸው በውስጣቸው ያለው ንጥረ ነገር ወተቱን ያዝለገልገዋል። ብዙ ከዝለገለገ ብዙ ወታደር አለ፤ ብዙ ወታደር ካለ ጠላት አለ ማለት ነው። ላም ገና ወልዳ እንገር በምትሰጥበት ሰሞንና ልትነጥፍ በተቃረበችበት ጊዜ ግን ሳትታመምም ሊወፍር ስለሚችል በዚያን ጊዜ ባይሞከር ይሻላል። የተጠቀምንባቸውን ስኒዎች ሐኪሟ ራሷ በፈላ ውኃ አጠበቻቸው፤ አክስቴ ግን ቡና አላፈላችባቸውም፤ ዛሬም ለዚሁ ሥራ ብቻ በረት መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል።

ዳማ በግልጽ ያልታየ በሽታ ተሸክማ ስንት ወር እንደቆየች ማን ያውቃል! ሁልጊዜም የምትታለበው እርስዋ ቀድማ ነበር፤ ገራም ስለሆነች እጅ ታሟሙቃለች ተብላ። ከእርስዋ በኋላ በዚያው እጅና በዚያው ጨርቅ ቡሬ ትታለብ ነበር። አክስቴ ይህን ስትሰማ ስኒዎቹን እያየች ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመታለቡ ተራ ተገለበጠ፤ ጤነኛዋ ትቀድማለች፣ የታመመችው ታሳርጋለች፤ በአንዲቱ ላም ላይም የታመመው ጡት መጨረሻ ይሆናል፤ ወተቱም ለብቻው ዕቃ ይወርዳል።

ይህ ድብቅ በሽታ ነው እኔን የሚያስፈራኝ። ያበጠው ግት ይጮኻል፣ ሐኪም ይጠራለታል። ድብቁ ግን ቤቱን በዝምታ ይበላል። ላሟ በአንድ ጡቷ በቀን 2 ሊትር ብታጎድል፣ በ300 የመታለቢያ ቀን 600 ሊትር ይሆናል፤ ሌሎቹ ጡቶች ከዚህ ጥቂቱን ቢያካክሱም ቀሪው የወጣው ከልጆቹ ደብተር ነው። ቤቱም «ላሟ አረጀች»፣ «መኖው ከፋ» ይላል።

ቡሬ ትኩሳት ስለነበራት መርፌም ተወጋች፤ የታመመው ግት ውስጥ የሚገባ ቱቦ መድኃኒትም ታዘዘላት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስገንዘብ እወዳለሁ፤ ግቱ በሚገባ ሳይራገፍና የጡቱ ጫፍ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ሳይጸዳ ቱቦ ማስገባት፣ አዲስ ተሕዋስ በገዛ እጅ ማስገባት ነው። አንዳንድ ሰው ከገበያ ቱቦ ገዝቶ አንድ ቀን ሰጥቶ፣ እብጠቱ ጎደል ሲል የቀረውን ለሌላ ጊዜ ያስቀምጣል። እንዲህ ሲደረግ ደካማው ተሕዋስ ይሞታል፤ ብርቱው ይተርፋል፤ በሚቀጥለው ጊዜም መድኃኒቱን ይንቀዋል። ላሟ መብላት ካቆመች፣ ጆሮዋ ከቀዘቀዘ ወይም ግቱ ከጠቆረ ደግሞ ጉዳዩ የዚያኑ ቀን ነው፤ ነገ ላሟ ላትገኝ ትችላለች።

መድኃኒቱ 3 ቀን ተሰጠ። ካርቶኑ ላይ ደግሞ ከመጨረሻው ቱቦ በኋላ ለ96 ሰዓት ወተቱ ለሰው እንዳይሰጥ ተጽፏል። የሚጣለው ከአራቱም ጡት የሚወጣው ነው፤ መድኃኒቱ በደም በኩል ወደ ሌሎቹም ስለሚደርስ። ሰባት ቀን ማለት ነው። በሽታው ወተቷን ቢቀንሰውም ከ50 ሊትር በላይ ሊደፋ ነው። ጋሼ ሒሳቡን በጣታቸው ቆጥረው ደነገጡ። «የታመመው ጡት ይደፋ፤ የሦስቱ ግን ነጭ ነው። ከዳማ ጋር ቢቀላቀል ማን ያውቃል?» አሉ።

አክስቴ «እርጎው ያውቃል» አለች።

እውነቷን ነበር። ቀደም ሲል ለቤቷ ወተት አንሷት ከሌላ ቦታ የገዛችው ወተት ቀናት አልፈውት ሳይረጋ ቀርቶ ዕቃው አልታጠነም፣ ብርዱ ነው ስትል ቆይታ ነበር። ሐኪሟም አረጋገጠችላት፤ ወተት የሚረጋው በጠቃሚ ተሕዋስያን ሥራ ነው፤ ወተቱ ውስጥ መድኃኒት ካለ እነርሱንም ይገድላቸዋል። እርጎ የማይረጋበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ብርድና የዕቃ ጉድለትም ያመጡታል፤ ወይራ በታጠነ ንጹሕ ዕቃ በሙቅ ቦታ ተቀምጦ ደጋግሞ እምቢ ካለ ግን ሻጯን መጠየቅ ተገቢ ነው። ማፍላቱም መድኃኒቱን አያስወግደውም። ወተት አፍልቶ መጠጣት ለሳንባ ነቀርሳና ለሌላም በሽታ መከላከያ ስለሆነ ግዴታ ነው፤ ነገር ግን መድኃኒቱን፣ እንዲሁም ስታፊሎኮከስ በወተት ውስጥ የሚተወውን መርዝ ፍላት አይበግረውም። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሕፃን ያለበት ቤት ወተቱን ቢወስድስ? አክስቴ ሰባቱንም ቀን ከበረቱ ጀርባ በተቆፈረ ጉድጓድ ደፋችው። ጥጃውም አልተሰጠውም። ጋሼ ሲደፋ ላለማየት ማለዳ ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አበዙ።

ቡሬ ዳነች። የዳማ ነገር ግን ቀላል አልሆነም። ስታፊሎኮከስ ግቱ ውስጥ ከከረመ ጠባሳ እየሠራ በውስጡ ይደበቃል፤ በመታለቢያ ወራት የሚሰጥ መድኃኒትም ብዙ ጊዜ አይደርስበትም። የተሻለው ጊዜ ስትነጥፍ ነው። ዳማ በመጋቢት ትወልዳለች ተብሎ ይጠበቅ ስለነበር፣ በጥር፣ ማለትም ከመውለዷ 60 ቀን አስቀድሞ እንድትነጥፍ ተደረገ። ፋጉሎዋ ተቀነሰ፤ ማለቡ ቆመ፤ ከመጨረሻው ማለብ በኋላም በእያንዳንዱ ጡቷ ለነጠፉ ላሞች የተዘጋጀው ረጅም ጊዜ የሚቆይ መድኃኒት ገባ። ብዙ ሰው የነጠፈችን ላም ይረሳታል፤ ሆኖም ማለቡ ከቆመ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታትና ልትወልድ ስታጋት ያሉት ሁለት ሳምንታት በሽታው በብርቱ የሚጠናወትባቸው ጊዜያት ናቸው። አክስቴ በየማለዳው ሳታልብ ግቷን በዓይንና በእጅ ትጎበኝ ነበር። መዥገርም ትለቅም ነበር፤ መዥገር ጡት ላይ የሚተወው ቁስል ጡቱን እስከ መድፈን ያደርሳልና።

በመጋቢት ዳማ ወለደች። እንገሩ አልፎ ወተቷ ሲጠራ ስኒዎቹ እንደገና ተደረደሩ። ከሁለቱ አንዱ ጡት ድኖ ነበር፤ ሁለተኛው እንደ አብሽ ወፈረ። ክረምቱ ሲገባም በረቱ ረጠበ። ለጉዝጓዝ ከእንጨት ቤት የመጣው ሰጋቱራ ርሶ ስለነበር እርጥቡ ሰጋቱራ ራሱ ተሕዋስ አራባ፤ በሐምሌ የዳማ ግት በግልጽ አበጠ።

ጋሼ «ትሸጥ» አሉ፤ አክስቴም ተስማማች። ያልተስማሙት ለማን በሚለው ነው። ዳማ ግቷ ሲረግብ መልኳ ደኅና ነው፤ ገበያ ብትወጣ በታላቢ ላም ዋጋ ትሄዳለች። ለሥጋ ከሆነ ግን ዋጋው ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። ሁለቱ ስለዚህ ነገር ሳምንት ሙሉ ተኳረፉ። አክስቴ ለእኔ በስልክ ስትነግረኝ፣ «የሚገዛት ወንድ ነው፤ የምታልባት ግን ሴት ናት። ያቺን ሴት ገበያ ላይ አላያትም። በማላያት ሴት በረት በሽታ ልሰድባት?» አለችኝ። እኔ ምንም አልመከርኋትም፤ ምክር የሚያስፈልጋት ሰው አይመስልም ነበር።

ዳማ አምና በጥቅምት፣ ለመድኃኒቱ የተወሰነው የሥጋ ቀነ ገደብ ካለፈ ከቆየ በኋላ፣ ለሥጋ ተሸጠች። ልጂቱ አለቀሰች። በተገኘው ብር ላይ ትንሽ ተጨምሮ ሲሚንቶና አሸዋ ተገዛና የበረቱ ወለል ተሠራ። ሲሚንቶውን ያቦኩት ጋሼ ናቸው፤ ውኃው ወዴት እንዲፈስ፣ ወለሉም ምን ያህል እንዲያዘቀዝቅ የወሰነችው አክስቴ ናት። አሁን በዚያ በረት ቡሬና አንዲት ጊደር አሉ። ሁለት ጨርቅ በሁለት ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ጊደሯ ገና ባትወልድም የራሷ አላት።